ከአንጎል ጉዳት በኋላ ቤት ውስጥ፦ ለአስታማሚ የሚሆን ዝርዝር መመሪያ

ከሆስፒታል ሲወጣ የሚሰጠው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ የመድኃኒት ስምና የቀጠሮ ቀን ነው የያዘው። ካልሲውን በእጁ ይዞ አልጋ ጫፍ ላይ ፈዞ ስለሚቀመጥ ሰው ምንም አይልም። ጠዋት የነገሩትን ከሰዓት «መቼ ነገራችሁኝ?» ስለሚልም እንዲሁ። ስፌቱ ተፈቷል፤ ፀጉሩም በቅሏል። ሊጠይቅ የመጣው ሁሉ «ተመስገን፣ ድኗል እኮ!» ብሎ ይሄዳል። የቤቱ ሰው ግን ያውቃል።

ይህ መመሪያ ለዚያ የቤት ሰው ነው። አንጎል በመኪና አደጋ፣ በመውደቅ፣ በድብደባ፣ በስትሮክ፣ በኦክስጅን እጥረት ወይም በኢንፌክሽን ሊጎዳ ይችላል። መነሻው ቢለያይም ቤት ውስጥ የሚመጣው ጣጣ ይመሳሰላል፦ ድካም፣ መርሳት፣ ቁጣ፣ አንድን ነገር ጀምሮ መጨረስ አለመቻል። ሐኪሙና ቴራፒስቱ ያሉት ይቀድማል። እነሱ ግን የሚያዩት በሳምንት ጥቂት ደቂቃ ነው። የቀረው ሰዓት የእናንተ ነው። ከወዲሁ አንድ ነገር ልበል፦ ከሁሉ በፊት የምመክረው መጻፍ ነው። ምክንያቱን እያነበባችሁ ስትሄዱ ታገኙታላችሁ።

1. ለነገ የማይባሉትን ምልክቶች ለዩ

ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ቤት ከገባ በኋላ ከእነዚህ አንዱ ከታየበት ቀጠሮውን አትጠብቁ። ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፦

- እየባሰበት የሚሄድ ራስ ምታት
- ተደጋጋሚ ማስመለስ
- ሲቀሰቅሱት በደንብ አለመንቃት
- እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንቀጥቀጥ
- የአንድ ወገን እጅ ወይም እግር መዛል፣ የአፍ መጣመም፣ ንግግር መኮላተፍ
- የአንዱ ዓይን ብሌን ከሌላው ሰፍቶ መታየት
- ከአፍንጫ ወይም ከጆሮ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ
- ቀድሞ ያልነበረ ግራ መጋባት

አንዳንዴ ደም ጭንቅላት ውስጥ ቀስ ብሎ ነው የሚጠራቀመው። በተለይ አዛውንቶችና ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ሰዎች ትንሽ ነገር ገጭቷቸው ከሳምንታት በኋላ ሊታመሙ ይችላሉ። ከሦስት ሳምንት በፊት በር የገጫቸው አባት ዛሬ መዘባረቅ ከጀመሩ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት።

ጉዳቱ ቀላል የጭንቅላት መናወጥ ብቻ ከሆነ ደግሞ በጨለማ ክፍል ለቀናት ማስተኛት ጊዜው ያለፈበት ምክር ነው። አሁን የሚመከረው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ረገብ ብሎ መቆየት፣ ከዚያ ምልክቱን በማያባብስ መጠን ቀለል ያለ እንቅስቃሴ መጀመር ነው። በ2015 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በታተመ አንድ ጥናት አምስት ቀን ጥብቅ እረፍት የታዘዘላቸው ወጣቶች አንድ ሁለት ቀን ካረፉት ይልቅ ብዙ ምልክት አሳይተዋል። ማረፍ ጥሩ ነው፤ ሲበዛ ግን ይጎዳል። ሐኪም እስኪፈቅድ መከልከል ያለበት ጭንቅላትን ዳግም ሊያስመታ የሚችል ነገር ነው፦ ኳስ፣ ብስክሌት፣ መሰላል።

2. የሆስፒታሉን ወረቀት በደንብ አንብቡ

ወረቀቱ ላይ «ጂሲኤስ» (GCS) ከሚለው አጠገብ አንድ ቁጥር ታገኛላችሁ። የግላስጎው ኮማ መለኪያ ነው። ግርሃም ቲስዴልና ብራያን ጄኔት የተባሉ ሐኪሞች በ1974 ያወጡት ነው። ዓይን መክፈት እስከ 4፣ መናገር እስከ 5፣ መንቀሳቀስ እስከ 6 ነጥብ ይሰጠዋል። ትንሹ ድምር 3፣ ትልቁ 15 ነው። ከ13 እስከ 15 ቀላል፣ ከ9 እስከ 12 መካከለኛ፣ 8 እና ከዚያ በታች ከባድ ይባላል። ቁጥሩ የሚለካው ያን ጊዜ የነበረውን ንቃት ነው። «ቀላል» የተባለ ሰው ሥራው ላይ ለወራት ሊቸገር ይችላል። «ከባድ» የተባለውም ከተገመተው በላይ ሲያገግም ይታያል። ሲቲ ስካኑ (የጭንቅላቱን ውስጥ የሚያሳየው ምርመራ) ንጹህ መሆኑም ችግር የለም ማለት አይደለም።

ሌላም የሚጠቅም መረጃ አለ። ተጎጂው ከአደጋው በኋላ ዛሬን ከትናንት ማያያዝ የቻለው ከስንተኛው ቀን ጀምሮ ነው? ሐኪሞች ይህን የመርሳት ጊዜ የጉዳቱን ክብደት ለመገመት ይጠቀሙበታል። በረዘመ ቁጥር ጉዳቱ የከበደ ነው። ቀኑን ሳትረሱት አሁኑኑ ጻፉት። ከወራት በኋላ ማንም በትክክል አይነግራችሁም።

ሁሉንም ወረቀት ኮፒ አድርጉ፤ ፎቶም አንሱ። በአንድ ፋይል ይቀመጥ።

3. ደብተር ክፈቱ

ተራ ደብተር ይበቃል፤ ስልክም ይሆናል። ለእያንዳንዱ ቀን ጥቂት መስመር ጻፉ፦ እንቅልፉ፣ የወሰደው መድኃኒት፣ ብቻውን የሠራው፣ እርዳታ የፈለገበት፣ ከበድ ያለ ነገር ከተፈጠረ ከዚያ በፊት ምን እንደነበር። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ማክሰኞ። ሌሊት አራቴ ነቃ። ጠዋት 3 ሰዓት ብቻውን ታጠበ፤ ሸሚዝ እንዲለብስ አንዴ ብቻ አስታወስኩት። 5 ሰዓት ሦስት ጠያቂ መጣ፤ ቲቪው ተከፍቶ ነበር። 5፡40 ጮኸ፣ ብርጭቆ ወረወረ። ቲቪ አጥፍተን መኝታ ቤት ወሰድነው። አንድ ሰዓት ተኛ። ማታ ሰላም ነበር።»

እስቲ ይህን ገጽ እንደ ሐኪም እዩት። ሰውዬው በደንብ አልተኛም። የጮኸው ጠያቂዎቹ በመጡ በአርባ ደቂቃው ነው። ቲቪና የሦስት ሰው ወሬ አብረው ነበሩ። ጸጥታ ሲያገኝ ተረጋጋ። ለሐኪም «ይቆጣል» ብቻ ብትሉት መድኃኒት ከማዘዝ ውጭ ብዙ የሚይዘው ነገር የለም። «በሁለት ሳምንት ስድስት ጊዜ ጮኸ፤ አምስቱ ሰው በበዛበትና ቲቪ በተከፈተበት ሰዓት ነው» ብትሉት ግን መነጋገር ይቻላል።

ደብተሩ ለውጥንም ያሳያል። አብሮ የሚውል ሰው ለውጥ አይታየውም። በወር አንዴ ተመሳሳይ ነገር መዝግቡ፦ ለመልበስ ስንት ጊዜ ማስታወስ እንዳስፈለገ፣ ሳይደክመው ስንት ደቂቃ እንዳወራ። ለውጡ ፈጠን የሚለው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ነው። «ከአንድ ዓመት በኋላ ምንም አይጨመርም» የሚለው ወሬ ግን እውነት አይደለም። ከዓመታት በኋላም ይሻሻላል፤ ዘገም ይላል እንጂ።

አንድ ማሳሰቢያ። ደብተሩን ተጎጂው ሊያነበው ይችላል ብላችሁ ጻፉ። የክስ መዝገብ እንዳይመስል። ከቻለ ራሱም ይጻፍበት።

4. መጀመሪያ ድካሙን ያዙ

ብዙ ቤተሰብ የሚጀምረው ከማስታወስ ልምምድ ነው። እኔ ብሆን ከድካም እጀምራለሁ። የደከመ አንጎል አያስታውስም፣ አይታገስም፣ ቃል ይጠፋበታል። ድካሙን ስትይዙት ሌላው በከፊል ይቀላል።

ይህ ድካም እኛ ከሥራ ስንመለስ የሚሰማን ዓይነት አይደለም። እንዳረጀ የስልክ ባትሪ ነው፤ ሙሉ ይመስላል፣ ከዚያ በአንዴ ዝቅ ብሎ ይዘጋል። ፊት መገርጣት፣ መልስ መዘግየት፣ ማዛጋት፣ መነጫነጭ ቀድመው ይታያሉ። ለአንድ ሳምንት ምልክቶቹ በስንት ሰዓት እንደሚመጡ መዝግቡ። ጥሩ ሰዓቱ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜ ጠዋት ነው። ከባዱን ነገር እዚያ አድርጉት። ፊዚዮቴራፒና የሐኪም ቀጠሮ ያኔ ይሁን። ገላ መታጠብንና ጠያቂን በአንድ ጠዋት አታደራርቡ።

እረፍቱ ከመድከሙ በፊት ይሁን። ሃያ ደቂቃ፣ ያለ ስልክ፣ ያለ ወሬ። ሲደክም ጠብቆ ማሳረፍ ጅብ ከሄደ በኋላ እንደሚጮኸው ውሻ መሆን ነው። ጠያቂ ሁለት ሁለት እየሆነ ይምጣ፣ ሰዓትም ይኑረው። ይህን መናገር ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። «ሐኪሙ ከግማሽ ሰዓት በላይ ከልክሏል» በሉ። ሐኪሙ አይቀየማችሁም።

ድካሙ ከጉዳቱ ብቻ ላይመጣም ይችላል። የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ችግር፣ ድብርት፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ የመድኃኒት ጎንዮሽ ጉዳት ይኖር ይሆናል። በጭንቅላት ጉዳት ከአንጎል ሥር ያለው፣ ሆርሞኖችን የሚቆጣጠረው የፒቱታሪ ዕጢ ተነክቶ ሆርሞን ሊጓደልም ይችላል። እንዲመረመር ጠይቁ።

«ሰነፈ» የሚለው ቃል ደግሞ ከቤት ይውጣ። የአንጎል የፊት ክፍል ሲጎዳ ሰው ማሰቡን ሳይተው መነሳት ያቅተዋል። ይፈልጋል፣ አይጀምርም። «ምን ማድረግ ትፈልጋለህ?» አትበሉት። ፎጣውን እጁ ላይ አስቀምጡና «ና፣ እንታጠብ» በሉት። አንዴ ከጀመረ ብዙ ጊዜ ይቀጥላል።

5. መርሳቱን ለቤቱ አሸክሙት

ማስታወስ የማይችልን ሰው «አስታውስ!» ማለት የተሰበረ እግር ያለውን ሩጥ ማለት ነው። ቤቱ ያስታውስለት። ስልክ፣ ቁልፍና ቦርሳ አንድ ቋሚ ቦታ ይኑራቸው። ግድግዳ ላይ ትልቅ ሰሌዳ ስቀሉ፤ ቀኑ፣ ዛሬ የሚደረገውና የሚመጣው ሰው ይጻፍበት። የጨረሰውን ራሱ ይሰርዝ። መሳቢያዎቹ ላይ በውስጣቸው ያለውን ለጥፉ።

ከዚያ የስልክ ማንቂያ። ይህ እንዲሁ የቤት ብልሃት አይደለም። በ2001 የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ባርባራ ዊልሰንና ባልደረቦቿ 143 ሰዎችን ያካተተ ጥናት አሳትመው ነበር። ያኔ ፔጀር፣ ማለትም አጭር መልእክት ብቻ የምትቀበል ትንሽ መሣሪያ ነበረች ማስታወሻውን የምታደርሰው። መልእክቱ በሚደርሳቸው ሳምንታት ከአስሩ ስምንት በላይ የሚሆኑት ማድረግ የነበረባቸውን ነገር በግልጽ በተሻለ ሁኔታ አከናውነዋል። ዛሬ ያ ሁሉ በእያንዳንዱ ስልክ ውስጥ አለ። ዋናው ግን ማንቂያው ምን ይላል የሚለው ነው። ዝም ብሎ የሚጮህ ከሆነ ያጠፋዋል፤ ለምን እንደጮኸም አያውቅም። «አሁን ነጩን ክኒን ዋጥ። ከዚያ ሰሌዳው ላይ ምልክት አድርግ» የሚል ጽሑፍ ይኑረው። ከቻላችሁ በሚወደው ሰው ድምፅ ቅዱት።

አዲስ ነገር ስታስተምሩት ደግሞ አታስገምቱት። አለን ባዴሊና ይህችው ባርባራ ዊልሰን በ1994 እንዳሳዩት ማስታወስ በጣም የተጎዳባቸው ሰዎች ሳይሳሳቱ ሲማሩ የተሻለ ይይዛሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። እኛ ስንሳሳት መሳሳታችንን እናስታውሳለን። እሱ ግን መሳሳቱን ይረሳና ስህተቱ ብቻ እጁ ላይ ይቀራል። የመድኃኒት ሳጥን አጠቃቀም እያስተማራችሁት ነው እንበል፦

መጀመሪያ አብራችሁት ሥሩ። «ዛሬ ረቡዕ ነው፤ የረቡዕን ክዳን እንክፈት» እያላችሁ እጁን ምሩት። ይህን ለቀናት በተመሳሳይ ቃል ድገሙ። ቀጥሎ ቃሉን ብቻ ተናገሩ፣ እጃችሁን ሰብስቡ። ከዚያ የመጀመሪያውን ቃል ብቻ። ሊሳሳት እጁን ወደ ሐሙስ ከዘረጋ ሳይከፍተው አስቁሙትና ትክክለኛውን አሳዩት። አትቸኩሉ፤ ሁሉም ደረጃ ቀናት ይፈልጋል።

ጠያቂዎችንም ምከሩ። «እስቲ እኔ ማን ነኝ?» የሚለው ፈተና ማዋረድ ነው። «የአክስትህ ልጅ ነኝ፣ ልጠይቅህ መጣሁ» ይበሉ፤ አለቀ። የአንጎል ማሠልጠኛ እየተባሉ ስለሚሸጡ የስልክ ጨዋታዎች ደግሞ፦ ከወደደው ይጫወት። የሚሻለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጨዋታው ላይ ነው። ገንዘብ አታፍስሱበት።

6. ቁጣ ሲመጣ

በ1848 አሜሪካ ቬርሞንት ውስጥ ፊኒያስ ጌጅ የተባለ የባቡር ሐዲድ ሥራ ኃላፊ ከአንድ ሜትር በላይ የሚረዝም ብረት በፍንዳታ ከጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። ተረፈ። ጠባዩ ግን ተለወጠ። ሐኪሙ ጆን ሃርሎው ወዳጆቹ «ይህ የምናውቀው ጌጅ አይደለም» እንዳሉ ጽፏል። የሕክምና ተማሪ ሁሉ ይህን ያውቃል። ብዙ የማይነገረው ቀጣዩ ነው። ጌጅ በኋላ ቺሊ ሄዶ ለዓመታት በፈረስ የሚጎተት የመንገደኛ ሰረገላ ነድቷል። ስለ እሱ ያጠኑ ሰዎች በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት የሚሠራ ቋሚ ሥራ ሳይረዳው አልቀረም ይላሉ። ለቁጣም የመጀመሪያው መድኃኒት ይህ ነው፦ የሚታወቅ ቀን። ሰዓቱ፣ ቅደም ተከተሉ፣ ሰዉ አይቀያየር። ለውጥ ካለ ቀድማችሁ ንገሩት፣ ሰሌዳውም ላይ ጻፉት።

ቀጥሎ ደብተሩን ገልጣችሁ ቀስቃሹን ፈልጉ። ረሃብ፣ ሕመም፣ ጫጫታ፣ ድካም፣ ሁለት ሰው በአንዴ ሲያወራው፣ ሰው ፊት መታረም። የምትችሉትን አስወግዱ።

ቁጣው ከተነሳ አንድ ሰው ብቻ ይናገር። ድምፅ ዝቅ፣ ቃል አጭር። አትከራከሩ፣ እጁን አትያዙ፣ በሩ ላይ አትቁሙ። «ገባኝ። ቆይ እንረፍ» ይበቃል። ወሬ መቀየር ይሠራል፤ ክፍል መቀየር ደግሞ ይበልጥ ይሠራል። ሲበርድ ወዲያው ስብከት አትጀምሩ። ምናልባት ረስቶታል፤ ካስታወሰም አፍሯል። ስለ ነገሩ ማውራት ካስፈለገ በማግስቱ፣ በጥሩ ሰዓቱ፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር።

ቁጣው ከጉዳቱ ቢመጣም መመታት የለባችሁም። የሚማታ ከሆነ ስለት ነገር አንሱ፤ ልጆች ወዴት እንደሚሄዱ፣ ማን እንደሚጠራ አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ለሐኪም ሳትደብቁ ንገሩ። ማስታገሻ ከጎረቤት ወስዳችሁ አትስጡት። አንዳንዶቹ ግራ መጋባቱን ያብሱታል።

7. «ምንም አልሆንኩም» ሲል

መኪና ልንዳ ይላል፤ ሥራ ልግባ ይላል። ግትርነት ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን የራስን ጉድለት የሚያየው የአንጎል ክፍል ራሱ ስለተጎዳ ነው። ማስረጃ መደርደር ጠብ ብቻ ያተርፋል።

የሚሻለው ግምቱን አስጽፎ ከውጤቱ ጋር እንዲያስተያይ መተው ነው። አደጋ የሌለው ሥራ ምረጡ። «ይህን ሂሳብ ለመሥራት ስንት ደቂቃ ይበቃሃል? ስንቱን ታገኛለህ?» በሉት። ይጻፍ፣ ይሥራ፣ ራሱ ያስተያይ። እናንተ ዝም በሉ። በሌላ ቀን ድገሙት። ይህን ሰው ፊት አታድርጉ።

ዓይኑ ሲገለጥ ደግሞ ሐዘን ሊከተል ይችላል። ከአንጎል ጉዳት በኋላ ድብርት የተለመደ ነው፤ ራስን የማጥፋት አደጋም ከሌላው ሰው ከፍ ይላል። «ብሞት ይሻል ነበር» ካለ እንደ ቀልድ አትስሙት። በቀጥታ ጠይቁት፣ ብቻውን አትተዉት፣ የዚያኑ ቀን ለሐኪም ንገሩ።

8. አጠር አጠር ያሉ ጉዳዮች

ንግግር ከጠፋበት፦ ማሰቡ አልጠፋም ይሆናል፤ እንደ ሕፃን አታናግሩት። ቲቪ አጥፉ፣ ፊት ለፊት ተቀመጡ፣ አዎ ወይም አይደለም የሚባልበት ጥያቄ ጠይቁ። በእጅ ማሳየት፣ መሳል፣ ፎቶ ሁሉም ይቆጠራል። ቃሉን አትንጠቁት፤ አስር ሰከንድ ጠብቁ።

መንቀጥቀጥ ከመጣ፦ ሰዓት እዩ። በጎኑ አስተኙት፣ ከጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ። አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ በኃይል አትያዙት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ከተደጋገመ ወይም የመጀመሪያው ከሆነ አምቡላንስ ይጠራ።

አልኮል፦ ከጉዳት በኋላ በትንሹ ያሰክራል፣ የመንቀጥቀጥ አደጋን ይጨምራል፣ እንደገና ለመውደቅም ይዳርጋል። ይቅር።

ማሽተት፦ ሽታ የጠፋበት ሰው ጋዝ ማፍሰሱንም ሆነ የተበላሸ ምግብን አያውቅም። ጭስ ጠቋሚ መሣሪያ ግጠሙ፤ ምግብ ላይ ቀን ጻፉ።

መንዳት፦ ሐኪም ሳይፈቅድ አይነዳም። ቁልፉን ከዓይን አርቁ።

ሥራና ትምህርት፦ በግማሽ ቀን ይጀመር። ለአለቃው ወይም ለመምህሩ የሚያስፈልገውን በሦስት መስመር ጻፉ፦ ጸጥ ያለ ቦታ፣ በጽሑፍ የተሰጠ መመሪያ፣ አጭር እረፍት። በአንደኛው ሳምንት «በደንብ ችሏል» ቢባል አትቸኩሉ። ችግሩ የሚታየው በሦስተኛው በአራተኛው ሳምንት፣ ድካሙ ሲጠራቀም ነው።

9. ጥናትን መመዘንና መሳተፍ

የተጨነቀ ቤተሰብ ለሻጭ ቀላል ሲሳይ ነው። «አንጎልን የሚያድስ» መርፌ፣ ክኒን፣ ማሽን ይቀርብላችኋል። ስለዚህ ጥናት እንዴት እንደሚሠራ ትንሽ ማወቅ ኪስንም ጤናንም ይጠብቃል።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ኮርቲኮስቴሮይድ የሚባሉት መድኃኒቶች ለአስርት ዓመታት ጭንቅላታቸው ለተጎዳ ሰዎች ሲሰጡ ኖረዋል። እብጠት ስለሚቀንሱ ይጠቅማሉ ተብሎ ይታመን ነበር። ከዚያ ክራሽ የተባለው ጥናት ከ10,000 በላይ ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ውጤቱ በ2004 ወጣ። በሁለት ሳምንት ውስጥ መድኃኒቱን ከወሰዱት 21.1 በመቶ፣ ካልወሰዱት ደግሞ 17.9 በመቶ ሞቱ። መድኃኒቱ ይጎዳ ነበር። በአንድ ሐኪም ዓይን ይህ ልዩነት አይታይም። በዕጣ ሳይመደቡና ቁጥሩ ሳይበዛ ማንም አያውቀውም ነበር።

ሁለተኛው በ2015 የታተመ ነው። የጭንቅላት መናወጥ ምልክት ያልለቀቃቸው 72 አሜሪካውያን ወታደሮች ነበሩ። ከፊሎቹ የአየሩ ግፊት ከፍ በተደረገበት ዝግ ክፍል ውስጥ ኦክስጅን ተሰጣቸው። ሌሎቹ እዚያው ክፍል ገብተው ተራ አየር ተነፈሱ። ሦስተኛው ቡድን የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኘ። ክፍሉ ውስጥ የገቡት ሁለቱም ቡድኖች ተሻላቸው፤ በመካከላቸው ግን ልዩነት አልነበረም። እንክብካቤውና ተስፋው በራሱ ሠርቷል ማለት ነው። ስለዚህ «ወንድሜ ገብቶበት ተሻለው» የሚለው ምስክርነት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ማሽኑ አዳነው ማለት ግን አይደለም።

ጥሩ ውጤት ያለውም በጥንቃቄ ነው የሚነበበው። በ2012 አማንታዲን የተባለው መድኃኒት ንቃታቸው እጅግ ዝቅ ያለ 184 ሰዎች ላይ ተሞክሮ በአራት ሳምንት ውስጥ ማገገሙን አፍጥኗል። መድኃኒቱ ቆሞ ሁለት ሳምንት ሲያልፍ ግን የሁለቱ ቡድኖች ልዩነት ጠቧል። ሐኪሙን «ለእኛ ሰው ይሆናል?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ገዝቶ መስጠት ግን አይደለም።

አዲስ ሕክምና ሲቀርብላችሁ ጠይቁ፦ ከምን ጋር ተወዳደረ? በዕጣ ነው የተመደቡት? ስንት ሰው? የተለካው የመመርመሪያ ነጥብ ነው ወይስ ኑሮው? ገንዘቡን የሚያገኘው ማን ነው?

መሳተፍ ከፈለጋችሁ ከሚያክማችሁ ሐኪም ጀምሩ። በቅርባችሁ ያለ የማስተማሪያ ሆስፒታልንም ጠይቁ። የዓለም ጤና ድርጅት የጥናቶች መዝገብና ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ጎቭ (ClinicalTrials.gov) የተባለው የአሜሪካ የጥናቶች መዝገብ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይታያሉ። ሁሉም ጥናት መድኃኒት አይደለም። ቃለ መጠይቅ አለ፣ ክትትል አለ፣ ስለ አስታማሚው ኑሮ የሚጠይቅም አለ። አንዳንድ ቡድኖች ጉዳቱን የሚያውቁ ሰዎች ጥያቄዎቹን ሲያዘጋጁ አብረው እንዲቀመጡ ይጋብዛሉ። ይህን ዕድል አትግፉት። ተመራማሪ የእግር ጉዞ ሊለካ ሲያስብ እናንተ «እኛን ያስቸገረን ሌሊቱ ነው» ትሉታላችሁ።

ከመፈረም በፊት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ እንዳለው አረጋግጡ። ሕክምናን የሚመለከት ጥናት በዓለም ዙሪያ የሚመራበት የሄልሲንኪ መግለጫ ከ1964 ጀምሮ አለ። ፈቃድ በግልጽ መረጃ ላይ ይመሠረታል፤ በማንኛውም ጊዜ መውጣት ይቻላል፤ በመውጣታችሁም መደበኛ ሕክምናችሁ አይነካም። ወረቀቱን ቤት ወስዳችሁ አንብቡ። የሚያስቸኩላችሁ ካለ ጠርጥሩ። «ለመሳተፍ ይህን ያህል ክፈሉ» የሚል ካለ የበለጠ ጠርጥሩ። ተጎጂው መወሰን ካልቻለ ሕጉ የሚፈቅድለት የቤተሰብ ሰው ይፈርማል። ያም ሆኖ በሚገባው ቋንቋ ይነገረው፤ ፊቱን ካዞረ ይከበር። ሲያገግም ፈቃዱ እንደገና ይጠየቅ።

ቀጠሮውንም አመቻቹ። በጥሩ ሰዓቱ ይሁን፣ እረፍት ይኑረው፣ ጥያቄው ለሁለት ቀን ይከፈል። ይህን መጠየቅ መብት ነው፤ የደከመ ሰው የሚሰጠው መልስ ለጥናቱም አይጠቅምም። ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ። «ባለፈው ወር ስንቴ ወደቀ?» ሲባል ገልጦ ማየት ከመገመት ይሻላል። ውጤቱ ሲወጣ እንዲላክላችሁም አስመዝግቡ።

10. አስታማሚው

ሰውዬው አለ፤ የምታውቁት ሰው ግን ጎድሏል። እንዲህ ያለ ሐዘን ለቅሶ የማይቀመጡለት ነው። ሚስት ባሏን እያስታመመች ባሏ ይናፍቃታል። ይህን ማለት ክህደት አይደለም።

በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን የሚተካችሁ ሰው ፈልጉ። «ምን ልርዳችሁ?» ለሚል ወዳጅ «ምንም፣ እግዜር ይስጥልን» አትበሉ። «ሐሙስ ከሰዓት አብረኸው ተቀመጥ» በሉት። ለተኪው አንድ ገጽ ጻፉለት፦ መድኃኒት በስንት ሰዓት፣ ድካሙ በምን እንደሚታወቅ፣ ሲቆጣ ምን እንደሚያረጋጋው፣ ምን እንደማይባል፣ ማን እንደሚደወልለት። ያን ጊዜ ለሌላ የቤት ሥራ አታውሉት፤ ተኙ፣ ውጡ፣ የራሳችሁን ምርመራ አድርጉ።

ተመሳሳይ ኑሮ ያለው ሌላ ቤተሰብም ፈልጉ። በእንግሊዝ ሄድዌይ የተባለው ማኅበር በ1979፣ በአሜሪካም ዛሬ የአንጎል ጉዳት ማኅበር የሚባለው በ1980 የተመሠረቱት በዚህ ዓይነት ኑሮ ውስጥ የነበሩ ቤተሰቦች ባሉበት ነው። እናንተ ያላችሁበት ማኅበር ከሌለ የፊዚዮቴራፒ ወረፋ ላይ አጠገባችሁ የተቀመጠችውን አስታማሚ አናግሯት። ስልክ ተለዋወጡ። በወር አንዴ ለአንድ ሰዓት ተገናኙ፤ መጀመሪያ ቀን «ሌሊቱን እንዴት ነው የምትይዙት?» ብላችሁ ብትጀምሩ ወሬው ራሱ ይቀጥላል።